ላስገባው ነው ወይስ ላስወጣው?

ክቡራን እንግዶች፣ መምህራን፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ ከየቀበሌው የመጣችሁ አርሶ አደሮችና የውሃ አባቶች፣ ዘንድሮ በመስኖ ምህንድስና የምትመረቁ ልጆቼ፦

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ለገበሬዎች ስልጠና እንድሰጥ ወደ ምዕራብ ጎጃም ተላክሁ። በያዝኩት ወረቀት ላይ «በማሳችሁ ቦይ አውጡ» የሚል መመሪያ ሰፍሯል። እንዳለ አነበብኩት። ከፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት በትዕግሥት ሲያዳምጡኝ ቆዩና «ልጄ፣ ውሃውን ላስገባው ነው ወይስ ላስወጣው?» አሉኝ። ወረቀቱን ደግሜ አየሁት፤ መልሱ የለበትም። ያ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእኔ አልተለየም፤ ዛሬም እዚህ ያቆመኝ እሱ ነው።

ቦይ የሚለውን ቃል እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ከአቅሙ በላይ አሸክመነዋል። ውሃ የሚሄድበትን ጠባብ መንገድ ሁሉ ቦይ እንላለን። አዛውንቱ ግን ውሃ ለሚያስወጣው የተለየ ስም ነበራቸው፦ ፈሰስ። ፈሰስ የሚወጣው በክረምት በበሬ ነው። ማረሻ ሲያርስ ከሚያወጣው መስመር፣ ከተራው ትልም፣ ጠለቅ ብሎ ማሳውን በሰያፍ ያቋርጣል። የተኛውን ውሃ ያስወጣል፤ ከላይ የመጣው ጎርፍም ዘሩን ጠርጎ እንዳይሄድ መንገድ ያሲዘዋል።

ይህን መስመር ማውጣት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ቁልቁለቱን ይዞ ቀጥ ብሎ ከወረደ ውሃው ይፈጥናል፣ አፈሩን ይበላል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላ ፈሰስ የነበረው ቦረቦር ይሆናል። በጣም ከተጋደመ ደግሞ ውሃው ይተኛል፣ ደለል ይሞላዋል። እኛ በመሣሪያ የምንለካውን ተዳፋት ገበሬው ሞፈር ጨብጦ በዐይኑ ይለካዋል። ጎረቤትም አለ። የላይኛው ማሳ ያስወጣው ውሃ ታችኛው ማሳ ላይ ጎርፍ ሆኖ ይደርሳልና፣ ሽማግሌ እስኪቀመጥ የሚያደርስ ጠብ ከዚሁ መስመር ይነሳል። እናንተም አንድ ቀን በዚያ ጠብ መካከል ትቆማላችሁ። ያን ጊዜ «ቦይ» የሚለው ቃል ብቻውን አያግዛችሁም።

በቢሮ ሥራ ላይ ያልዋለ ገንዘብ ሲመለስ «ወደ መንግሥት ካዝና ፈሰስ ተደረገ» እንላለን። ትልምንም እንዲሁ «ሕልምና ትልም» እያልን ለዕቅድ ወስደነዋል። ቃላቱን ከእርሻ ወደ ጽሕፈት ቤት አምጥተን እርሻው ላይ ስንደርስ መርሳታችን ያሳዝነኛል።

ይህ ሁሉ ስለ ዋልካ መሬት ነው። ዋልካ በበጋ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ በክረምት አንዴ ከረጠበ በኋላ ውሃ ወደ ታች አያሳልፍም፣ ያቁራል። የአፈር ተመራማሪዎች ግምት እንደሚለው በአገራችን ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንዲህ ያለ ጥቁር አፈር አለ። ሰሜን ሸዋ እነዋሪ ላይ ሴቶችና ልጆች አጎንብሰው አፈሩን በእጃቸው እየሰበሰቡ ሰፊ መደብ ይሠሩ ነበር፤ በመደቦቹ መካከል ውሃው ይወርዳል፣ ስንዴው ከላይ በደረቅ ይበቅላል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980ዎቹ ተመራማሪዎች ሁለት ማረሻ አጣምረው ያንኑ መደብ በበሬ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። የእነዋሪ ሴቶች ወገብ ሲሸከመው የኖረውን ሥራ በሬ እንዲሸከመው የታሰበ ነበር። ይህን ስናስተምር ከመሣሪያው በፊት ሴቶቹን እንጥራ።

አሁን ወደሚያስገባው ልምጣ። ወንዝ ሲጠለፍ አይታችኋል። ጠለፋ ከባድ ቃል ነው፤ ልጃገረድም አውሮፕላንም ይጠለፋል። ወንዝም ከመንገዱ ተይዞ ወደ ሌላ ይወሰዳል፤ በድንጋይ፣ በእንጨት፣ በቅጠልና በጭቃ። ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ጠራርጎ ይወስደዋል፤ በጋ ሲገባ ሰዉ ተሰብስቦ እንደገና ይሠራዋል። ማን ስንት ቀን እንደሚሠራ፣ ማን በየትኛው ሰዓት እንደሚያጠጣ የሚወስነው የውሃ አባት ነው። ትግራይ ውስጥ አቦ ማይ ይሉታል፤ ትርጉሙ ያው ነው። አባት መባሉን ልብ በሉ። የጎንደሩ የፋሲል መዋኛም ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ነው።

ማስገባትን ብቻ አስቦ ማስወጣትን ማዘግየት ምን እንደሚያስከትል መካከለኛው አዋሽ ላይ አይተናል። አሚባራ ለጥጥ እርሻ ትልልቅ ካናሎች ተዘረጉ፤ የሚያስወጣው ግን በቂ አልነበረም። ሞቃት አገር ነው፤ ውሃው ይተናል፣ ጨው ይቀራል። የከርሰ ምድሩ ውሃ ዓመት በዓመት ከፍ እያለ ጨውን ይዞ ወደ ሥሩ ቀረበ። ይታረስ የነበረ ሰፊ መሬት ነጥቶ ተተወ። ይህን ጥፋት የቃል ድህነት አመጣው አልልም፤ መሐንዲሶቹ ማፋሰሻ ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ነገር ግን ከገበሬ ጋር በአንድ ቃል ስንነጋገር፣ በዕቅዱ ላይ የጎደለውን ግማሽ አይቶ «ማስወጫውስ?» ብሎ የሚጠይቀንን ሰው አፍ እንዘጋለን። እኔን የጠየቁኝ አዛውንት ወረቀቱን ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ጉድለቱን ግን ከእኔ በፊት አዩት።

ስለዚህ ተመራቂዎች፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በምትመደቡበት ቀበሌ የመለኪያ መሣሪያችሁን ከማቆማችሁ በፊት ከሰዉ ጋር ማሳውን ዙሩ። ውሃ የሚያስገባውን ምን እንደሚሉት፣ የሚያስወጣውን ምን እንደሚሉት፣ ጎርፍ የሚመልሰውን ምን እንደሚሉት ጠይቁ። የሰማችሁትን ስም ሳታርሙ በካርታው ላይ ጻፉት፤ ሪፖርታችሁም በዚያው ስም ይውጣ። ለዚህ የሚሆን ቅጽ አዘጋጅቼ በአዳራሹ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። የመጀመሪያው ረድፍ «የሚያስገባ»፣ ሁለተኛው «የሚያስወጣ» ይላል፤ የቀረው ባዶ ነው። የውሃ አባቶች ከምሳ በኋላም አብረውን ስለሚቆዩ ዛሬውኑ ከእነሱ መጀመር ትችላላችሁ።

አመሰግናለሁ።