እንግዶቹ ሲሄዱ ለባሕር ዳር ምን ይቀራል?

የተከበራችሁ የሆቴልና የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኞች፣ የከተማችን ነዋሪዎች፤ እንደምን አረፈዳችሁ።

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋሊያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ሁላችንም በየቤታችን እልል ብለናል። በመርሐ ግብሩ ላይ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ጨዋታው የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ከተማ ውስጥ ነው። ቡድኖቹ ያደሩበት ሆቴል፣ የበሉት ምግብ፣ ያጓጓዛቸው አውቶቡስ ሁሉ የሊሎንግዌ ነበር።

ያ ቀን የእኛ ሊሆን ይችል ነበር። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ማዳጋስካርን 4 ለ 0 የረታነው እዚህ ባሕር ዳር ነው። መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካን ያስተናገድነውም እዚሁ ነው። ከዚያ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየማችን መስፈርቱን አያሟላም አለ። በኅዳር ወር ጋናን በሜዳችን ልንገጥም ሲገባን ጆሃንስበርግ ሄድን። ሙሉ በሙሉ ሳይጠናቀቅ አገልግሎት የጀመረ ስታዲየም በመጨረሻ ያስከፈለን ዋጋ ይህ ነው። እኔን ዛሬም ያንገበግበኛል።

በየቤታችን ሠርግ ሲደርስ የምናደርገውን አስቡት። ዳስ እንጥላለን፤ ደግሞም ለዓመታት ሲያፈስ የኖረውን ጣሪያ እንጠግናለን። ሠርጉ ሲያልፍ ዳሱ ይፈርሳል፤ ጣሪያው ግን ክረምቱን ያሻግረናል። ከተማም እንዲሁ ነው። ትልቅ ጉባኤ ወይም በዓል ሊመጣ ሲል የመንገድ ዳር አጥር ቀለም ይቀባል፣ ሰንደቅ ይሰቀላል፣ አበባ ይተከላል። ይህ ሁሉ ዳስ ነው። የፍሳሽ መውረጃው፣ የውኃ መስመሩ፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቱ ጣሪያችን ናቸው። በጀታችን ወዴት እንዳደላ ለመለየት እንግዶቹ በሄዱ በስድስተኛው ወር በከተማው ውስጥ በእግር መዞር ይበቃል።

ከሩቅ አንድ ምሳሌ ላንሳ። የኖርዌዩዋ ሊልሃመር ወደ 25 ሺህ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ሳለች በ1994 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የክረምት ኦሊምፒክን አስተናገደች። ቱሪስቱ ይጎርፋል ተብሎ የተስፋፉት ሆቴሎች ጨዋታው ካለቀ በኋላ በርካቶቹ ከሰሩ። ለጋዜጠኞች የተሠራው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማዕከል ግን ኮሌጅ ሆነ። በ2016 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣቶች ኦሊምፒክ ሲመጣም የድሮዎቹ መወዳደሪያ ሥፍራዎች አገለገሉ። እዚህ የተሰበሰባችሁ የሆቴል ባለቤቶች የመጀመሪያውን፣ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ሁለተኛውን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ለአንድ ሳምንት እንግዳ ተብሎ በባንክ ብድር ፎቅ መጨመር አደገኛ ነው።

እኔ በበኩሌ ከአንድ ቀን ታላቅ በዓል ይልቅ ረጋ ብሎ የሚቆይ እንግዳ ለመካከለኛ ከተማ ይበጃል ባይ ነኝ። በ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተዘዋወረ ሲካሄድ ክለቦቹ በየከተማው ለሳምንታት ሰንብተዋል። ለሳምንታት የሚያድር ቡድን በየቀኑ እንቁላል፣ ሙዝና ዳቦ ይፈልጋል፤ ልብሱ ይታጠባል፤ ባጃጅ ይሳፈራል። ገንዘቡ ከትልልቆቹ ሆቴሎች አልፎ ጉሊት እስከምትቸረችረው እናት ይደርሳል። በ2004 ዓ.ም. እዚህ የተጀመረው፣ በአፍሪካ ሰላምና ጸጥታ ላይ የሚመክረው የጣና ፎረም ስማችንን በአህጉሩ አስጠርቷል፤ ስም ደግሞ ራሱን የቻለ ሀብት ነው። ሆኖም የመሪዎች ጉባኤ ሲካሄድ መንገድ ይዘጋል፤ ጉሊቷም የዚያን ቀን ገበያ ታጣለች። ይህም ሒሳብ ውስጥ ይግባ።

እንግዳ ያለ ሰላም እንደማይመጣ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ ባዶ ክፍሎቻችሁን የቆጠራችሁት እናንተ ናችሁ። እንግዳው ተመልሶ ሲመጣ የሚጠብቀው ቤት ምን ዓይነት ይሁን የሚለው ግን በእጃችን ነው።

ስለዚህ የከተማችንን ምክር ቤት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ የማስተናገድ ጥያቄ ሲቀርብልን፣ ከመፈረማችን በፊት፣ የሚሠራውን እያንዳንዱን ነገር ከዝግጅቱ ማግስት ጀምሮ ማን እንደሚጠግነውና ከየትኛው በጀት እንደሚጠገን በጽሑፍ ሰፍሮ ይቅረብ። ወረቀቱም በየቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

አመሰግናለሁ።