ኪኒን አይበደሩም፦ ስለ ጭንቀትና ስለ አካል ጤና የአድማጮች ጥያቄና የሐኪሙ መልስ

ሌሊት በድንገት ልቤ ድው ድው እያለ እባንናለሁ። ትንፋሽ ያጥረኛል፤ ጣቶቼና ከንፈሬ ይደነዝዛሉ። ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነስቼ "ምንም የለብህም" ተባልኩ። ታዲያ ምን ሆኜ ነው? (ከአዳማ፣ የ29 ዓመት ወጣት)

"ምንም የለብህም" ያሉህ ልብህ ደህና ነው ለማለት ነው። አስመስለህ ነው ማለታቸው አይደለም። ሰው ሲጨነቅ ከኩላሊት በላይ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ። ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍስ ደግሞ ከደምህ ውስጥ ካርቦንዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ ይወጣል። ጣትና ከንፈር የሚደነዝዘው ለዚህ ነው። ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይበረታና ከዚያ እየበረደ ይሄዳል።

ሲመጣብህ ቁጭ በል። እስከ 4 እየቆጠርክ በአፍንጫህ አየር ሳብ፤ እስከ 6 እየቆጠርክ ቀስ ብለህ አውጣ። 5 ደቂቃ ያህል ቀጥል። ደረትህን የሚጫን ሕመም ከመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በተለይ ደረጃ ስትወጣ የሚብስ፣ ወደ ግራ እጅ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብ ያለው ከሆነ "ያው ጭንቀቴ ነው" ብለህ እንዳትተኛ። ያኔውኑ ሆስፒታል! ደግሞ አደራ፣ ጓደኛ "ያረጋጋሃል" ብሎ የሰጠህን ኪኒን አትዋጥ።

ቡና ጭንቀት ያብሳል ወይ?

ያብሳል። አቦሉን ይጠጡ፤ ቶናና በረካውን ለእንግዳ ይተዉ። ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ጨርሶ ይቅር።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል የለኝም። ጎረቤቴ ለሷ የታዘዘላትን ዲያዜፓም የሚባል የሚያረጋጋ ኪኒን በግማሽ ታካፍለኝ ነበር። አሁን ግማሹ አልበቃ ብሎኝ ሙሉውን እወስዳለሁ። አልፎ አልፎ መለኪያ አረቄም እጨምርበታለሁ። (ከደብረ ብርሃን፣ የ63 ዓመት እናት)

ነፍሳቸውን ይማር፤ እርስዎንም ያጽናዎት። አሁን ልቆጣዎት ነው፤ እንደ ልጅዎ ይስሙኝ።

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። ክፍሌ የሚገቡ እናቶች መቀነታቸውን ፈተው በሶፍት የተጠቀለለች ኪኒን ያወጣሉ። ስሟን ስጠይቅ "ነጯ ናት ዶክተር" ይሉኛል። ስንት ዓይነት ነጭ ኪኒን አለ መሰላችሁ!

ግማሹ አልበቃ ያለዎት ሰውነትዎ ስለለመደው ነው። ዲያዜፓም በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሱስ ሊሆን ይችላል። ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ የትናንቱ ሳያልቅ የዛሬው ይደረብበታል። በእርስዎ ዕድሜ ደግሞ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ያንገዳግዳል። አንድ ጊዜ ወድቀው የዳሌ አጥንት ከተሰበረ መነሳቱ ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የባሰው አረቄው ነው። ኪኒኑም አረቄውም ትንፋሽን ያዳክማሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ሰው ተኝቶ በዚያው ሊቀር ይችላል። አረቄውን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ያቁሙ። ኪኒኑን ግን በራስዎ ውሳኔ በአንድ ጊዜ እንዳይጥሉት። የለመደ ሰውነት ድንገት ሲቀርበት የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። መጠኑንም አይጨምሩ። ነገ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ሄደው ያለውን እውነት ይንገሩት፤ ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያስተውዎታል። ስለ ሐዘንዎም ያጫውቱት፤ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ነው።

ጎረቤትዎ ክፉ አይደሉም፤ አዝነውልዎት ነው። ጨውና በርበሬ ይበዳደሩ፤ ኪኒን ግን አይበደሩም። ያለ ማዘዣ የምትሸጡ መድኃኒት ቤቶችም ብትሰሙኝ ደስ ይለኛል።

ግፊቴ 160/100 ነው ተብዬ መድኃኒት ተጀመረልኝ። የንዴት ነው፣ ሲበርድልኝ ይወርዳል ብዬ ተውኩት። (ከባሕር ዳር)

ንዴት ግፊትን ለጊዜው ከፍ ያደርጋል፤ እውነት ነው። አርፈው ቁጭ ብለው፣ በተለያየ ቀን ተለክተው 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የደም ግፊት ነው። ሕመም ስለማይሰማዎት ደህና ነኝ ይላሉ፤ እሱ ውስጥ ውስጡን አንጎልን፣ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል። በዚህ ሳምንት ወደ ሐኪምዎ ይመለሱ። የእህትዎን የግፊት ኪኒንም እንዳይሞክሩ፤ ማን እንደሚሞክር አውቃለሁ።

ጫት ስቅም ጭንቀቴ ለቀቅ ያደርገኛል። ምን ችግር አለው?

ምርቃናው ሲያልቅ ማታ ጭንቀቱ ከነወለዱ ይመጣል። ከዚያ ለጨብሲ ቢራ፣ ቢራው አላስተኛ ሲል ደግሞ ኪኒን። አየህ የት እንደምትደርስ?

ስፖርት ሥሩ ትላላችሁ፤ ለጂም የሚከፈል ገንዘብ የለኝም።

ከታክሲ ሁለት ፌርማታ ቀድመህ ውረድና በእግርህ ሂድ።

እዚህ ጅዳ ሥራው ያስጨንቀኛል። እየበላሁ እከሳለሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይመታል፣ ሙቀት አልችልም። አንገቴም አበጥ ብሏል።

እህቴ፣ ይህ ጭንቀት ብቻ አይመስለኝም። የእንቅርት ዕጢ (ታይሮይድ) ከመጠን በላይ ሲሠራ ልክ እንዲህ ያደርጋል፤ ብዙ ሰው ከጭንቀት ጋር ያምታታዋል። በስልክ የሚታከም ነገር አይደለም። የታይሮይድ የደም ምርመራ እፈልጋለሁ በያቸው። ውጤቱን ለሐኪም አሳዪ፤ ለኔ አይደለም፣ እዚያው ላለው።