ቅናሹ ለማን፣ ቀረጡ በማን?

በዚህ ሳምንት ስለ ግብር እና ስለ ቀረጥ ከሐዋሳ ብዙ ጥያቄ መጥቶልናል። ሦስቱን እመልሳለሁ።

ከታቦር ክፍለ ከተማ የደወሉ መምህር፦ «የደመወዝ ግብር ተቀነሰ ተባለ። የተጠቀምነው እኛ ነን ወይስ ትልልቅ ደመወዝ የሚያገኙት?»

መምህር፣ እስቲ አብረን እናስላው። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው አዋጅ ከግብር ነፃ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። 5,000 ብር የሚያገኝ ሰው ድሮ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ይቆረጥበት ነበር። አሁን 500 ብር ነው። 197 ብር ከ50 ቀረለት ማለት ነው። 50,000 የሚያገኘው ግን ከ16,000 ወደ 15,450 ወረደለት፤ 550 ብር። ከደመወዛቸው አንፃር ሲታይ የመጀመሪያው 4 በመቶ ገደማ፣ ሁለተኛው 1 በመቶ ገደማ ነው ያገኙት። በብር ካየነው ግን ባለ ትልቁ ደመወዝ ይበልጣል። «ለድሃ ነው» የሚልም «ለሀብታም ነው» የሚልም ከዚሁ ስሌት የሚመቸውን ይመዛል።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከፍተኛው 35 በመቶ የሚጀምረው ከ14,000 ብር በላይ ነው። በዚህ ደመወዝ ሐዋሳ ላይ ቤት ተከራይቶ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሀብታም ነው እንዴ? ጉልት የምትቸረችረው እናትማ ከዚህ ቅናሽ ምንም አልደረሳትም፤ ደመወዝ የላትም። ሱፐርማርኬት ገብታ ሻምፖ ስትገዛ ግን 15 በመቶ ቫቱን እንደ ባለ ሆቴሉ እኩል ትከፍላለች።

ከመናኸሪያ አካባቢ የባጃጅ ሹፌር፦ «የመለዋወጫ ዋጋ ጣራ ነካ። ነጋዴው ቀረጥ ነው ይለኛል። እውነቱን ነው?»

ወንድሜ፣ በከፊል እውነቱን ነው። ቀረጥ የሚሰላው የዕቃው የውጭ ዋጋ ወደ ብር ተመንዝሮ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን አለፈ። ለምሳሌ ቀረጡ 20 በመቶ ነው እንበል። የ100 ዶላር ዕቃ ቀረጥ ከ1,140 ብር ወደ 2,000 ብር ሄደ፤ መቶኛው ሳይነካ። ቫቱ ደግሞ በቀረጡም ላይ ይታሰባል።

ሀብታሙም መለዋወጫ ይገዛል። ነገር ግን ከገቢው የሚተርፈውን ይቆጥባል፣ መሬት ላይ ያውላል። ባንክ የተቀመጠ ብር ቫትም ቀረጥም አይነካውም። አንተ የዕለቱን ገቢ የዕለቱ ወጪ ይበላብሃል። ስለዚህ ከገቢህ ሲታይ የበለጠ የምትከፍለው አንተ ነህ።

በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ የምትሰፋ አድማጭ፦ «አሜሪካ ቀረጥ ጣለች ሲባል የሚከፍለው ማን ነው? እኛንስ ይመለከተናል?»

እህቴ፣ መጀመሪያ የሚከፍለው አሜሪካዊው አስመጪ ነው። ከዚያ ወደ ገዢው ይገፋዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ ቀረጥ ተጣለ። ዋጋው ወደ 12 በመቶ ጨመረ። የሚገርመው፣ ቀረጥ ያልተጣለበት ማድረቂያም አብሮ ተወደደ፤ ሁለቱ አብረው ስለሚሸጡ። እዚያም ቢሆን ጫናው የሚከብደው ደመወዙ ከወር ወር በማይደርስለት ቤተሰብ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ያወጣችው የግብር ቅናሽ ሕግም ያው ነው። የራሳቸው ምክር ቤት የበጀት ጽሕፈት ቤት ሲገምት፣ ዝቅተኛው አንድ አሥረኛ ቤተሰብ በዓመት 1,200 ዶላር ገደማ ያጣል፤ የሕክምናና የምግብ ድጋፍ ስለሚቀነስበት። ከፍተኛው አንድ አሥረኛ 13,600 ገደማ ያገኛል።

አንቺንማ በደንብ ይመለከትሻል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ ወጣች፤ አጎዋ የአፍሪካ አገሮች ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅድ የአሜሪካ ሕግ ነው። ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረ የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ ተጣለበት። ገዢው ወደ ሌላ አገር ፊቱን ማዞር ይችላል። ሥራዋን ያጣችው ልጅ ግን የቤት ኪራይዋን ይዛ ወዴት ትዞራለች? ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚላክ ልብሳችን ግን ዛሬም ቀረጥ የለበትም። አዲስ ቅጥር ስትፈልጊ ፋብሪካው ለየት አገር እንደሚሰፋ ጠይቂ።