በሬውን ማን ያምጣው? ስለ 1977ቱ ሰፈራ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ሰው ከቀዬው የሚነቀለው በድርቅ፣ በጦርነትና በመሬት ጥበት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ትኩረት የምሻው አነቃቀሉ ላይ ነው።

በ1977 ዓ.ም. መጀመሪያ ደርግ ያስነሳው የሰፈራ ዘመቻ 300,000 አባወራ፣ ማለትም 1.5 ሚሊዮን ሰው ለማንሳት አቅዶ ነበር። በ1978 አጋማሽ ሲቆም 600,000 ያህል ሰው ተጓጉዟል፤ አብዛኛው ከወሎ፣ ከቀረውም የሚበዛው ከሸዋና ከትግራይ። ማረፊያው ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላ፣ አሶሳና መተከል ሆነ።

ጥፋቱ የጀመረው ገና ሲጫኑ ነው። እህል ሊቀበል ወይም ገበያ ሊውል የወጣ ሰው እየታፈሰ ሲወሰድ ባል ከሚስት፣ ልጅ ከወላጅ ተለያየ። የገበሬ ቤት ደግሞ አራሽ፣ አራሚና እረኛ ካልተሟላለት አይቆምም።

ቀጥሎ ቆላው መጣ። ደገኛው ከልጅነት ጀምሮ በወባ እየታመመ የሚገኘውን የመቋቋም አቅም ይዞ አልወረደም። ወባ የሚበረታው ክረምቱ እንደወጣ፣ ልክ አዝመራው በሚደርስበት ሰሞን ነው፤ አጫጁ ተኝቶ ማሽላው የወፍ ሲሳይ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ግን የበሬው ነገር ነው። የቆላ ዝንብ በሚያስተላልፈው ገንዲ በተባለ የከብት በሽታ በሬ ስለሚያልቅ፣ እንደ መተከል ባሉ ትላልቅ መደበኛ ሰፈራዎች እርሻው በትራክተር ላይ ተንጠለጠለ። ነዳጅ ወይም መለዋወጫ ሲዘገይ የዘር ወቅት ያልፋል። ሰፋሪው ያረሰውም ቢሆን ለአምራቾች ማኅበሩ እንጂ ለራሱ ጎተራ አልነበረም። በነባር ገበሬዎች መካከል በስግሰጋ የሰፈሩት በሬ ማቆየት በቻሉበት ቦታ የተሻለ ኖረዋል።

በራሱ ፈቃድ የሚሰደድ ገበሬ ወደማያውቀው አገር እንዲህ በአንዴ አይነቀልም። ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደው አንድ ወቅት ሠርቶ፣ አገሩን አይቶ ይመለሳል፤ ቤተሰቡን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፈራ በፈቃደኝነት፣ በየክልሉ ውስጥ እንዲሆንና ሰፋሪው የቀድሞ መሬቱ ለ3 ዓመት እንዲጠበቅለት የደነገገው ይህን ተገንዝቦ ይመስለኛል፤ አፈጻጸሙ ከቦታ ቦታ ቢለያይም።

ስለ ተቀባዩም ልናገር። መተከል ላይ «ባዶ» ተብሎ የተመነጠረው መሬት ባዶ አልነበረም። የአካባቢው ነባር ነዋሪዎች ጉሙዞች አንድን ማሳ ጥቂት ዓመት አርሰው ለዓመታት ያሳርፉታል፤ በዚያ ጫካ አድነውበታል፣ ማር ቆርጠውበታል። ለካርታ አንሺው ዱር የመሰለው የነገ ማሳቸው ነበር። እዚያው መተከል፣ ፓዊ ውስጥ እስከ ዛሬ በቁጥር የሚጠሩት መንደሮች የተሠሩት እዚያ ላይ ነው።