እየሳቀ የወደቀው ልጅ ይሰማችኋል

ክቡራን ወላጆች፣ ውድ መምህራን፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

የነርቭ ሐኪም ነኝ። ስለ ተማሪዎች ጤና ተናገር ስባል ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ሕመም መረጥኩ። ካታፕሌክሲ ይባላል። በአውሮፓና በአሜሪካ በተደረጉ ግምቶች፣ ይህን ሕመም የሚያስከትለው ናርኮሌፕሲ የተባለ የእንቅልፍ ሕመም ከ2,000 እስከ 4,000 ሰዎች አንዱን ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በልጅነት መጨረሻ ወይም በጉርምስና ነው። በእናንተ እጅ ባሉበት ዕድሜ ማለት ነው።

ክፍል ውስጥ እንዲህ ይታያል። አንዱ ቀልድ ያወራል። ልጁ ፍርስ ብሎ ሊስቅ ሲል ፊቱ ይለወጣል። አገጩ ይረግባል፣ የዓይኑ ቆብ ይከብደዋል። አንገቱ ዘንበል ይላል፤ ቀና ሊያደርገው ይሞክራል፤ እንደገና ዘንበል። የጀመረው ቃል አፉ ውስጥ ይተሳሰራል። እስክሪብቶው ከእጁ ያመልጣል። ከዚያ ጉልበቱ ቄጤማ ይሆንና ዴስኩን ተደግፎ መሬት ላይ ይዘረጋል። ብዙውን ጊዜ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ተነሥቶ ልብሱን ያራግፋል። አንዳንዱ ጭራሽ አይወድቅም፤ አገጩ ብቻ ይረግባል ወይም ጉልበቱ ለአፍታ ይከዳዋል። ሕመሙ በቅርቡ የጀመራቸው ትንንሽ ልጆች ደግሞ ሳይስቁም ፊታቸው ሊዝል፣ ምላሳቸው ሊወጣ ይችላል። መምህሩ «ያሾፍብኛል» ቢል አይፈረድበትም።

ዋናው ቀስቃሽ ሳቅ ነው። ድንገተኛ ደስታ፣ መገረም፣ ንዴትም ያመጡታል። ጎል ያገባ ልጅ ሊጨፍር ሲል ሜዳው ላይ ሊዘረጋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1880 ናርኮሌፕሲ የሚለውን ስም ያወጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ዤሊኖ ስለ አንድ የ38 ዓመት የወይን በርሜል ነጋዴ ጽፏል። ሰውዬው ካርታ ሲጫወት ጥሩ ካርድ ከደረሰው ክንዱ ይዝልና መጫወት ያቅተዋል። ደብቆ የያዘውን ዕድል የሚያሳብቅበት ሕመም፣ ለቁማርተኛ ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ከዛሬው ንግግሬ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ፣ ያ ልጅ ራሱን አለመሳቱን ያዙልኝ። ሞተሩ እየሠራ ማርሹ የወጣበት መኪና በሉት። ሁሉን ይሰማል። «ቡዳ በላው» ያለችውን፣ «ማስመሰል ነው» ያለውን፣ ስልኩን አውጥቶ የቀረጸውን፣ ሁሉንም ያውቃል። ልመልስ ቢል ግን አንደበቱ አይታዘዘውም።

እኛ አገር ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚፈለገው ክብሪት ነው። ክብሪት ጭሮ አፍንጫ ሥር ማስጠጋት ለሚጥል በሽታም አይጠቅምም። እዚህ ግን ነገሩ ይከፋል። ልጁ ጭሱ ይሸተዋል፤ እሳቱ ፊቱ አጠገብ እንዳለ ያውቃል፤ ፊቱን ማዞር ግን አይችልም። እባካችሁ ክብሪቱን ተዉት። ውኃም አትድፉበት፣ በጥፊም አትምቱት።

ለምን ይሆናል? ሕልም በምናይበት እንቅልፍ ጊዜ አንጎላችን ጡንቻችንን ይዘጋዋል። ባይዘጋው ኖሮ በሕልማችን ስንሮጥ አልጋውን ጥለን እንነሣ ነበር። ዓይንና የመተንፈሻው ጡንቻ ብቻ ይሠራሉ። ዱካክ ተጭኗችሁ የሚያውቅ ካላችሁ ነገሩን ቀምሳችሁታል፤ ነቅታችኋል፣ ሰውነታችሁ ግን ገና አልተለቀቀም። (ዱካክ ብቻውን ይህ ሕመም አለ ማለት አይደለም። እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ ጫት ያቋረጠም ይጫነዋል።) ካታፕሌክሲ ያለበት ልጅ ያው መዘጋት በጠራራ ፀሐይ፣ በሳቅ መሀል ይመጣበታል።

ንቃትንና እንቅልፍን ለይቶ የሚጠብቅ ሃይፖክሬቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። በዓመቱ፣ የሚጣፍጥ ምግብ ሲያዩ በደስታ የሚወድቁ ዶበርማን ውሾች የዚህ ንጥረ ነገር መቀበያ በዘራቸው እንደተበላሸ በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተደረሰበት። እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ሕመሙ ባለባቸው ሰዎች ላይ ንጥረ ነገሩን የሚያመርቱት የአንጎል ሴሎች አብዛኞቹ ጠፍተው ተገኙ። ሴሎቹን የሚያጠፋው የራስ ሰውነት መከላከያ ሳይሆን አይቀርም። እርግማንም፣ የአስተዳደግ ጉድለትም የለበትም። ጠበል የሚወስድ ቤተሰብ ይውሰድ፤ ሐኪም ቤቱን ግን አይተው።

እነዚህ ልጆች ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ሌሊቱን ተኝተው አድረው እንኳ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ያንቀላፋሉ። «ሰነፍ» ይባላሉ። ስለዚህ ክፍል ውስጥ የሚተኛ ልጅ ስታዩ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ስትስቅ ጉልበትህ ይከዳሃል?» አዎ ካለ ወደ ነርቭ ሐኪም ላኩት፤ ጥያቄውንም ለሐኪሙ ንገሩት። የሚጥል በሽታ ተብሎ ኪኒን የጀመረም ካለ በራሱ አያቋርጥ፤ ሐኪሙ ይወስን።

የሚያሳዝነኝ መውደቁ አይደለም። ልጆቹ ሳቅ መሸሽ ይለምዳሉ። ቀልድ ሲጀመር ተነሥተው ይወጣሉ፣ በእረፍት ሰዓት ጥግ ይይዛሉ፣ ከዚያ «ኩራተኛ» ይባላሉ። ከሰው መሳቅ የሚፈራ የ14 ዓመት ልጅ አስቡት።

የጠፉትን ሴሎች የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም። የሚያቃልል ግን አለ። ለድብርት ከሚታዘዙት እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉት መውደቁን ይቀንሳሉ። በድንገት ሲቋረጡ ግን ሕመሙ ብሶበት ይመለሳልና ሐኪም ሳይነገር ማቆም አይገባም። ቀን ላይ በሰዓቱ የሚወሰድ የ20 ደቂቃ እንቅልፍም ይረዳል። መምህራን፣ በምሳ ሰዓት አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ብትፈቅዱ ትልቅ ነገር ነው።

ሲወድቅ ደግሞ ጭንቅላቱ እንዳይመታ ደግፉት፣ ስለታም ነገር አርቁ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ «አለሁ፣ አሁን ያልፋል» በሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ራሱን ከሳተ ወይም ቶሎ ካልተነሣ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የክፍል ጓደኞቹን አብሮት መቀለድ አትከልክሉ። ቀልዱን ቁጭ ብሎ እንዲሰማ ቦታ ይስጡት።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ ወንበር እንጀምር።