እጅ መታጠቢያው ጋ

ክቡራን እንግዶች፣ ወላጆች፣ የዛሬ ተመራቂ ነርሶች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ድንገተኛ ክፍል በገባሁበት ዓመት፣ አንድ ሌሊት ተቅማጥ ያደረቀው ሕፃን መጣ። ዓይኑ ጎድጉዷል። ደም ሥር ብፈልግ የለም። አንዴ ወጋሁ፣ ሁለቴ ወጋሁ። እናቱ ከኋላዬ «ሲስተር፣ ልጄን ገደልሽው!» ብላ ጮኸች። ዞር ብዬ «ዝም በይ! ውጪልኝ!» አልኳት። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ወጣች። ሕፃኑ ተረፈ። በሩ ላይ ቁጭ ብላ ያለቀሰችው ለቅሶ ግን ዛሬም ከጆሮዬ አልወጣም።

ያን ሌሊት ሙያ አልጎደለኝም። ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ወጥቶ፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነበር፤ እኔ ግን አላወቅሁትም። ሰው ሲደነግጥ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ምላስም ትቀድማለች። ይህ ተፈጥሮ ነው። ልብ ካልነው ግን ምላስን መያዝ ይቻላል።

ይህን ልብ ማለት ማይንድፉልነስ ይሉታል። ጆን ካባት ዚን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ለታማሚዎች ሥልጠና አድርጎ ጀመረው፤ ሥልጠናው ዛሬ 8 ሳምንት ይፈጃል። እኛ ግን 8 ሳምንት ቀርቶ 8 ደቂቃም የለንም።

እኔ ጊዜውን ያገኘሁት እጅ መታጠቢያው ጋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሳሙናና በውሃ ስንታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ እንድንቆይ ይመክራል። በዚያች ጊዜ የውሃውን ቅዝቃዜ ጣቶቼ ላይ እከታተላለሁ። ትከሻዬን አወርዳለሁ። አየር በአፍንጫዬ ስቤ፣ ከሳብኩት አስረዝሜ አስወጣለሁ፤ ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ቀዝቀዝ ይላል፣ አሁኑኑ የእጃችሁን አንጓ ይዛችሁ ሞክሩት። ከዚያ በሆዴ «ፈርቻለሁ» ወይም «ተናድጃለሁ» እላለሁ። ውሃ በጠፋ ቀን በአልኮል የማሽባት 20 ሰከንድም ትበቃኛለች።

ኃላፊዎችም እዚህ ስላላችሁ ልናገር፦ የነርስ እጥረትን ትንፋሽ አይሞላውም። ሰው ቅጠሩልን።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት አልጋ እንደሌለ ስነግራቸው ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት። ደሜ ሲፈላ ተሰማኝ፤ ትከሻዬም መውጣት ጀምሮ ነበር። አወረድኩት። «ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል ቀምሰዋል?» አልኳቸው። ቡጢያቸውን ፈቱና «አልቀመስኩም ልጄ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ።

አመሰግናለሁ።