ሕመምተኛው ሞተ፣ ሐኪሙም ጻፉት
(ለቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊዎችና መምህራን፣ ውድ ተመራቂዎች፣ ልጆቻችሁን አይታችሁ ለመባረክ ከሩቅ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፤

አዘጋጆቹ ስለ አንድ ፈር ቀዳጅ ቀዶ ሐኪም እንድናገር ሲጠይቁኝ፣ ከእናንተ ብዙዎቹ ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቁትን ኖርዌያዊ ሐኪም፣ ዶክተር አክስል ካፐለንን መረጥሁ። ስማቸው በታሪክ የሚነሳበት ሕመምተኛ በሦስተኛው ቀን ሞቷል። ለምረቃ ቀን አይመችም የሚል ካለ ጥቂት ይታገሠኝ።

ካፐለን እ.ኤ.አ. በ1858 ተወልደው በ1919 ያረፉ ሰው ናቸው። እኔ የማተኩረው በአንድ ቀን ሥራቸው ላይ ነው፤ ቀኑም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 4 ቀን 1895 ነበር። በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 30 ቀን 1887 ዓ.ም. ሲሆን፣ ዳግማዊ ምኒልክ የአድዋን ክተት ከማወጃቸው ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። ቦታው ዛሬ ኦስሎ የምንላት፣ ያን ጊዜ ክሪስቲያኒያ ትባል የነበረችው ከተማ፣ ሪክስሆስፒታሌት የተባለው ሆስፒታል ነው። አንድ የ24 ዓመት ወጣት ግራ ብብቱን በስለት ተወግቶ፣ በከባድ ሾክ፣ ማለትም ደም ለሰውነቱ በበቂ መድረስ ባቃተው ሁኔታ ላይ ሆኖ ደረሰ።

እናንተ እንዲህ ያለ ሰው በተረኛ ሌሊት ቢመጣላችሁ ምን እንደምታደርጉ አውቃለሁ፤ ስታደርጉትም አይቻችኋለሁ። ካፐለን ግን ከምትጠሩት ሁሉ አንዱም አልነበራቸውም። ሮንትገን የራጅን ጨረር ያገኙት ከዚያ ቀን ሁለት ወር ቆይተው ነው። የደም ዓይነት የሚባል ነገር ገና አልታወቀም ነበርና ደም አምጡ ማለት አይቻልም። አንቲባዮቲክ ብዙ አሥርት ዓመታት ይቀሩታል። ደረት ሲከፈት ሳንባው እንደሚሟሽሽ ይታወቅ ነበር፤ በተከፈተ ደረት ሳንባን ነፍቶ ማቆየት ግን ገና የተለመደ ሥራ አልሆነም። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የሙያ ጓደኞች ፍርድ ነበር። የቪየናው ታላቅ ቀዶ ሐኪም ቢልሮት፣ ልብ ለመስፋት የሚሞክር ሰው የባልደረቦቹን አክብሮት ያጣል ብለዋል እየተባለ ይነገር ነበር። እንግሊዛዊው ስቲቨን ፓጀትም በ1896 ባሳተሙት የደረት ቀዶ ሕክምና መጽሐፍ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ተፈጥሮ ለሙያው ካሰመረችው ወሰን ላይ ሳይደርስ አልቀረም ሲሉ ጻፉ። መጽሐፉ ሲታተም ካፐለን ያንን ወሰን ተሻግረው ነበር።

የወጣቱን ግራ ደረት ከፈቱ፤ ደሙን አወጡ፤ የሚደማውን ኮሮናሪ፣ ማለትም ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰውን የደም ቧንቧ አግኝተው ቋጠሩት። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ቀላል ነው። ሥራውን የምታውቁት ግን፣ ልብ በየምቱ ከጣት ሥር እየተነሳና እየወረደ፣ ጉድጓዱ በደም እየሞላ፣ መርፌውን በሁለት ምት መካከል አሳልፎ፣ ክሩን ሥጋውን ሳይቆርጡ ማጥበቅ ምን ማለት እንደሆነ እጃችሁ ይነግራችኋል። ከዚያ በፊት ደግሞ ይህን የሚያሳይ መምህር አልነበረም።

ወጣቱ ነቃ። ለአንድ ቀን ያህል ደኅና መሰለ። ከዚያ ትኩሳቱ ይጨምር ጀመር፤ በሦስተኛው ቀን አረፈ። አስከሬኑ ሲመረመር በደረቱ መካከል ኢንፌክሽን ተገኘ። የተቋጠረው ቧንቧ አልነበረም የገደለው።

እንግዲህ ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። ካፐለን ዝም ማለት ይችሉ ነበር። በሾክ የመጣ፣ ልቡ የተወጋ ሰው ሞተ ቢባል ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። እሳቸው ግን ጉዳዩን የልብ ቁስል የሚል የላቲን ርዕስ ሰጥተው፣ በ1896 በአገራቸው የሕክምና መጽሔት ላይ ሞቱንም ጨምረው አሳተሙት። በዚያው ዓመት ጉይዶ ፋሪና ሮም ላይ ልብ ሰፉ፤ የእሳቸውም ሕመምተኛ ሞተ፤ እሳቸውም አልሸሸጉትም። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1896 ሉድቪግ ሬን ፍራንክፈርት ላይ የተወጋ የቀኝ ልብ ክፍል ሰፍተው ሕመምተኛቸው ዳነ። ሬንም ቆይተው በ1907 የ124 ሕሙማንን ውጤት ሰብስበው ሲያቀርቡ 60 በመቶው ሞተዋል። ስድሳ በመቶ! በዚህ ቁጥር ግን ዓለም የልብ ቁስል እንደሚሰፋ አመነ፤ ያመነውም ሟቾቹ ስለተቆጠሩ ነው። ሟቾቹ ባይጻፉ ኖሮ የተረፉት 40 በመቶ ከወሬ አያልፉም ነበር።

እኛስ? ስሙን በማልጠራው አንድ ሆስፒታል በሠራሁበት ዘመን፣ አንዲት ሬዚደንት፣ ማለትም ስፔሻሊቲ በመማር ላይ ያለች ሐኪም፣ ሰኞ ጠዋት በሞርኒንግ፣ በሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ ላይ ደረቱን ተወግቶ የሞተ ሰው ጉዳይ አቀረበች። የመጣበትን ሰዓት፣ ደም የተጠየቀበትን ሰዓት፣ ደም የደረሰበትን ሰዓት በተርታ ጽፋ ነበር። ከፊት ወንበር የተነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ተረኛው ማን ነበር?» የሚል ሆነ። ሁለተኛውም ያው፣ ሦስተኛውም ያው። ደም በተጠየቀበትና በደረሰበት ሰዓት መካከል ስለነበረው ርቀት የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል የሚቀርብ ሞት ሁሉ አንድ መስመር ብቻ ሆነ፤ በሞት ማስረጃውም ላይ፣ በጥይት የሞተውም፣ በአንጀት መታጠፍ የሞተውም፣ በወሊድ የሞተችውም፣ ምክንያቱ «የልብና የአተነፋፈስ መቆም» ይባል ጀመር። እስቲ ልቡ እየመታ የተቀበረ ሰው ያየ ካለ እጁን ያውጣ! ይህ የሞት ምክንያት አይደለም፤ የሞት ሌላ ስሙ ነው። እንዲህ ብሎ የሚፈርም ሐኪም፣ የሚቀጥለውንም ሰው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ደም በመጠበቅ ያጣዋል። ጥፋቱ ደግሞ የፈረመው ልጅ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ እንዲፈርም ያስተማርነው እኛ ፊት ወንበር ላይ የምንቀመጠው ነን። በዓመታዊ ጉባኤያችንም የምንሰማው የተሳካውን ብቻ ነው፤ እንደ ሰርግ ቪዲዮ ሁሉም ይስቃል።

የልብ ቀዶ ሕክምና የመጀመሪያው ሰው ማን ነው የሚለው ክርክር እንዳለ አውቃለሁ። ዳንኤል ሄል ዊልያምስ በ1893 ቺካጎ ላይ የልብን ከረጢት ሰፍተው ሕመምተኛቸው ድኗል፤ ክብር ይገባቸዋል። ክርክሩን ለታሪክ ሰዎች እተወዋለሁ። ካፐለንም በኋላ በስታቫንገር ከተማ ሲሠሩ ኖረው አረፉ። ስለ መሣሪያ እጥረትም ልናገር አስቤ ነበር፤ ሁላችሁም ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ለትምህርት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከመጪው ወር ጀምሮ የሞቱ ሕሙማን ጉዳይ የሚታይበት የሞት ኮንፈረንስ ሲካሄድ፣ የመጀመሪያውን ኬዝ የሚያቀርበው ሲኒየር፣ ማለትም ነባሩ ስፔሻሊስት ሐኪም ይሁን፤ የራሱን ሕመምተኛ፣ በራሱ እጅ የሞተበትን፣ ከነሰዓቱ። ሬዚደንቶች ከዚያ ይከተሉ። የተራ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ሰው የእኔን ስም ከላይ ያስፍርልኝ።

አመሰግናለሁ።